ተራዬን ስጡኝ

ሳል ይዟችሁ «ነገ ይለቀኛል» እያላችሁ ለከረማችሁ፣ ጎረቤት ሲታመምባችሁም ሳህን ለምትለዩ፣ ለሁለታችሁም ነው የምናገረው። አንጓች እባላለሁ። የዱርቤቴ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስሁት ግን ባሕር ዳር ነው፣ ጥጥ ስፈትል። በእንዝርት እንዳይመስላችሁ፣ በፋብሪካ ማሽን። ቁጡ ነሽ ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ቁጣዬ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ቁጭ ብዬ ይህን አላወራላችሁም ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ባለቤቴን ወባ ገና በጎልማሳነቱ ወስዶብኛል፤ ልጅም አልሰጠንም ነበር። አንዲት የቀበሌ ክፍል ነበረችኝ፣ ግድግዳዋ ከዝናሽ ቤት ጋር አንድ የሆነ። ዝናሽ ጎረቤቴም ባልንጀራዬም ናት፤ እሷ ቤት ሽሮ ሲንተከተክ እኔ ቤት ይሰማል። ዘመዶቼ የምላቸው ግን የጽዋ ማኅበርተኞቼን ነበር። ወር በገባ በሃያ አንድ፣ በእመቤታችን ቀን፣ ከሴቶቹ ባንዷ ቤት እንሰበሰባለን። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ከዚያ ሁላችንም ከአንዲት ጽዋ እንጠጣለን። ሲያበቃ ጽዋዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ትሰጣለች። የኔ ተራ ኅዳር ጽዮን ነበረች።

እውነት ለመናገር ተራዬ ሲደርስ ፊቴ ይጠቁር ነበር። ብቅሉን አብቅዪ፣ ጌሾውን ውቀጪ፣ ጋኑን እጠቢና በወይራ እጠኚ፣ ዳቦውን ጋግሪ፤ ያን ሁሉ ደግሞ ከፋብሪካ ስትመጪ በዛለ ጉልበት። ከሁሉ የሚብሰኝ እንግዳው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ዕቃ ነው። ጽዋው፣ ዋንጫው፣ ሳህኑ፣ ድስቱ ተቆልሎ ሳየው እንባዬ ይመጣል። ከመታመሜ በፊት በነበረችው ኅዳር ጓዳ ተቀምጬ እያጠብሁ «እመቤቴ ማርያም፣ ይህን ተራ ከኔ ብታነሺልኝ ምን ነበረበት!» አልሁ። ወይ አፌ!

ሳሉ የጀመረኝ ከጥምቀት በኋላ ነው። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው፤ እኔም አልቆጠርሁት። ጥጥ ሲፈተል ብናኙ እንደ ጭጋግ ቤቱን ይሞላዋል፤ እዚያ የሚሠራ ሰው ባይስል ነው የሚገርም። ዝናሽ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። እሰይ፣ ለሁለት ቀን ቀለለኝ። ከዚያ ሰፈራችን ውስጥ መርፌ የሚወጋ አንድ ሰው ነበረ፤ «ብርድ ሳንባሽን መቶታል» ብሎ ፔኒሲሊን ወጋኝ። በጾሙ መካከል ደግሞ ማታ ማታ ትኩሳት፣ ሲነጋጋ ላብ መጣ። ባሕር ዳር ላይ ትኩሳት ከተባለ ስሙ አንድ ነው፣ ወባ። ባሌን የገደለው ወባ ነውና «መጣልሽ» አልሁ ለራሴ። ክሎሮኪን ዋጥሁ። ገላዬን ከእግር እስከ ራሴ አሳከከኝና ሳሉን አስረሳኝ፤ ማሳከኩ ሲለቀኝ ሳሉ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነበር።

ግንቦት ልደታ መጣች። የሰፈራችን ሴቶች እንደ ደንቡ ከደጅ ንፍሮውን ቀቅለን፣ ሣር ላይ ተቀምጠን፣ ከአንድ ሰፌድ እየዘገንን እየበላን ነው። ሳሉ ያዘኝ። እንዲያ ሆኖ ይዞኝ አያውቅም። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ፤ ሳነሳው ደም ነው። ነጭ ነጠላ ላይ ደም እንዴት እንደሚታይ እናንተ ታውቁታላችሁ። አንዷ ሰፌዱን ቀስ ብላ ወደሷ ሳበችው። ያች ሰፌድ ስትሳብ የሣሩ ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

በማግስቱ ሳይነጋ ሆስፒታል ሄድሁ። ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረን ስንስል አንዱ ሲጨርስ አንዱ ይቀበለዋል፤ እንደ ቅዳሴ ተሰጥዎ ማለት ነው፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ። አጠገቤ ከቆላ ድባ፣ ሐይቁን ተሻግራ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፣ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት። እንቅልፍ ሲጥለኝ ራሴ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ስነቃ አልገፋችኝም፤ ጋቢዋን ደርባልኝ ነበር። «ተኚ እህቴ፣ ሲጠሩሽ እቀሰቅስሻለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ሰው የሚባል በፈቃዱ አልነካኝም። የት ትሆን? እግዚአብሔር ብድሯን ይክፈልልኝ።

አክታዬን በትንሽ ዕቃ ሰጠሁ፣ ራጂ ተነሣሁ። መልሱን የነገሩኝ ድሬሰሩ ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው አንጓች» አሉኝ። «ዓይን የማያየው ተባይ ነው፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚበላ። በሳልና በትንፋሽ ይተላለፋል። ይድናል።»

«ይድናል?»

«ይድናል። መድኃኒቱን ካላቋረጥሽ ነው ታዲያ። ለሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ ከዓመት በላይ ክኒን። ሲሻልሽ ደግሞ ዳንሁ ብለሽ እንዳትተይው። የዚህ በሽታ ተንኮሉ እሱ ነው።»

ዛሬ በወራት ይጨረሳል ሲባል እሰማለሁ፤ ያኔ እንዲያ አልነበረም። በየቀኑ እየሄድሁ ተወጋሁ። ፋብሪካው ፈቃድ ሰጠኝ። ቤቴም ጭር አለ።

ጭርታውን እንዴት ልንገራችሁ? ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልገፋኝም። ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ቦኖ ውኃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ «ቅደሚ አንጓች፣ ቅደሚ» እያሉ ወረፋውን ይለቁልኛል፤ ከአክብሮት እንዳይመስላችሁ፣ ቶሎ ቀድቼ እንድሄድላቸው ነው። ቀበሌው እንኳ፣ ከስብሰባ የቀረን ሰው አፈር ድሜ የሚያበላው ቀበሌ፣ «ጓድ አንጓች፣ አንቺ ብትቀሪም ይፈቀድልሻል» ብሎ ላከብኝ። እንደዚያ የምጠላው ስብሰባ ናፈቀኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ዝናሽ ከልጆቿ ጋር ስትሥቅ እሰማለሁ። ሳሉ ሲመጣብኝ ትራሱን እነክሳለሁ፣ እንዳይሰሙኝ። ሞት አስፈራኝ አልልም፤ ሞቼ ስንት ቀን ቆይቶ ሰው እንደሚያውቅ ማሰቡ ነው ያስፈራኝ።

ምግብ ያመጡልኛል፣ አልዋሽም። ዝናሽ ወጥ፣ ሌላዋ ዳቦ፣ እማማ የሺ፣ የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት አለቃችን፣ አጥሚት። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው «አንጓች፣ አስቀምጬልሻለሁ» ብለው ይሄዳሉ። ሳህኑን ልመልስ ስል «ተዪው፣ እዚያው ይሁንልሽ» ይሉኛል። ባገራችን ሳህን ይሄዳል ይመጣል፤ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፣ ቆሎም ይሁን አንዲት ሎሚ ይደረግበታል፣ ጉርብትና ማለት እሱ ነው። የኔ ሳህን መሄድ እንጂ መምጣት አቆመ። መደርደሪያዬ በሰው ሳህን ሞላ። አበባ ያለበት የዝናሽ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የእማማ የሺ። እኔ የምበላው ባንዱ ነው፤ የማጥበውም አንዱን።

ክረምቱ ሲጋመስ ተሻለኝ። መርፌው አለቀ፣ ሳሉ ቀነሰ፣ ጉንጬ ሞላ። ፍልሰታ ስትገባ «ዘጌ ሄጄ እጠመቃለሁ፣ ጾሙንም እዚያው እጾማለሁ» ብዬ በጀልባ ተሻገርሁ። ልባረክ ብዬ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ፍለጋ ነበር የሄድሁ። ጠበልተኛ መካከል ሁሉም በሽተኛ ነው፣ ማን ማንን ይጸየፋል?

እዚያ ያሉት ሴቶች ክኒኔን ስውጥ አዩኝ። «ኧረ ጉድ! ጠበል ላይ መድኃኒት?» አሉ። «ወይ በእመቤታችን እመኚ፣ ወይ በሐኪም። ሁለቱን ስታቀላቅዪ ጠበሉ ይሸሻል።» ይህን የሚሉት በተንኮል አይደለም። እናታቸው ነግራቸዋለች፣ ለእናታቸውም እናታቸው። እኔም ስሰማው ያደግሁት ነው። ደግሞ ልንገራችሁ፣ ከነሱ ጋር ሆድና ጀርባ መሆን አልፈለግሁም። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ ቆሎ አካፍሎኝ፣ «አይ፣ የሐኪሜን ነው የምሰማው» ልል? ክኒኑን ቡና ሥር ቀበርሁት።

ጾሙ ሳያልቅ ሳሉ ተመለሰ። ደሙም ተመለሰ። የሚያጠምቁት መነኩሴ አባ ኪሮስ ይባላሉ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ግን እንደ ጎረምሳ ነው። አስጠሩኝ።

«ምን ትወስጂ ነበር?»

«ክኒን፣ አባቴ።»

«የታል?»

«ቀበርሁት።»

«ቀበርሁት!» አሉና መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱት። «ይህች ውኃ የማን ናት?»

«የእግዚአብሔር።»

«ክኒኑንስ ማን ፈጠረው? ጋኔን ነው? ያችም የእሱ፣ ይችም የእሱ። ሁለቱን አጣልተሽ ከመካከል ልትሞቺ ነው እንዴ? በይ ጀልባ እንደተገኘ ሂጂ፣ ሐኪምሽ እግር ላይ ውደቂ።»

ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ተናወጠ፤ ጀልባ ጠፋ። ጥጉን ይዤ ሳለቅስ ያዩኝ አባ ኪሮስ መጥረጊያ አምጥተው እግሬ ሥር ጣሉልኝ። ቅጽሩን ጥረጊ አሉኝ፣ ቅጠል ወድቆበታል።

ቁጣዬ መጣ። «አባቴ፣ ታምሜ ነው የመጣሁ፣ ተቀጥሬ አይደለም!»

«አውቃለሁ። የቻልሽውን ያህል ጥረጊ። ሦስት ቅጠልም ቢሆን ይበቃል። ስትጀምሪ በስመ አብ በይ፣ ስትጨርሺ ተመስገን በይ። ዝም ብለሽ እንዳትዪው ታዲያ፤ የጠረግሽውን አይተሽ።»

«ምኑን ነው የማመሰግነው? ሳንባዬ ተበልቷል!»

«መጥረጊያውን ማን ያዘው?»

«እኔ።»

«እንግዲያማ» ብለውኝ ሄዱ።

በንዴት ጠረግሁ። ትንሽ እጠርጋለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ እስላለሁ፣ እንደገና እነሣለሁ። ካንዱ ዛፍ እስከ ሌላው ያለችውን ስጨርስ ዞር ብዬ አየኋት። ጥርት ብላለች። እኔ ነኝ ያጠራኋት። «ተመስገን» አልሁ፣ በግማሽ አፌ።

ጀልባ ተገኝቶ ተመልሼ ጋሽ ታደሰ ፊት ስቀርብ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ አንገታቸውን ደፉ። «አንጓች፣ ተባዩን እኮ አስተማርሽው» አሉኝ። መድኃኒት ሲቋረጥ ያልሞተው ተባይ ይጠነክራል፣ ሌላ ጊዜ በቀላሉ አይሞትም ማለታቸው ነው። መርፌው እንደ አዲስ ተጀመረ። ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ገባ፣ እስከ ዛሬም አለ። እናንተ ግን ከኔ ተማሩ፤ ጠበላችሁን ጠጡ፣ ክኒናችሁንም ዋጡ።

ኅዳር ደረሰች። ከሃያ አንዱ ትንሽ ቀደም ብላ ዝናሽ ደጃፌ ላይ ቆመች፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና።

«አንጓችዬ፣ ማኅበርተኞቹ ተነጋግረን ነበር። ዘንድሮ ተራሽን እኔ እይዝልሻለሁ። አንቺ ዕረፊ» አለችኝ።

«እችላለሁ እኮ ዝናሽ።»

«ዕረፊ እንጂ፣ ምን አስቸኮለሽ? እመቤታችን ታውቅልሻለች።»

ስትሄድ በሩን ዘጋሁና መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አልገደደኝም። የለመንሁት ይኸው ሆነልኝ። ተራው ተነሣልኝ። በዕለቱ በግድግዳው በኩል ሁሉንም ሰማሁ፤ ቄሱ ሲያሳርጉ፣ እልልታው፣ ከዚያ ጽዋዋ ስትዞር የሚሆነው ዝምታ። ዝምታውን በልቤ ተከተልሁት፤ አሁን እማማ የሺ ጋ ናት፣ አሁን እከሊት ጋ፣ አሁን እኔ የምቀመጥባት ቦታ ባዶ ናት። በመጨረሻ ዕቃ ሲታጠብ ተሰማኝ። የሳህን መንኳኳት ያስቀናል ብሎ ማን ይገምታል? እኔ ቀናሁ። ዳቦ በሳህን ደጃፌ ላይ ተቀመጠልኝ። ሳህኑ አዲስ ነበር፣ ተመልሶ እንዳይመጣ ታስቦ የተገዛ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ረጅም ነው። የሚወራ ነገርም የለውም፤ ክኒንና ቤት ነው። አንድ ቀን ጠዋት እሳት ላነድ ተንበርክኬ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ አልነድ አለኝ። እፍ ብዬ አነደድሁት። ከዚያ ቆም አልሁ። እፍ ብዬ? ባለፈው ክረምት አንድ እፍ ለማለት ትንፋሽ አልነበረኝም እኮ! ምድጃው ሥር እንደተንበረከክሁ «ተመስገን» አልሁ፣ ይህኛውን በሙሉ አፌ። ጢሱ ዓይኔን እየፋቀው እንኳ ሣቅሁ፤ እብድ ናት የሚል ጎረቤት በአጠገቤ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ አባ ኪሮስ ያሉኝን ያዝሁት። አልጋ ሳነጥፍ በስመ አብ፤ አንጥፌ ሳየው ተመስገን። ውኃውን ከቦኖ እስከ ቤቴ ሳላርፍ ያደረስሁ ዕለት እንስራውን አቅፌ ጓዳ ውስጥ ቆምሁ። ሽንኩርት ስከትፍ ያቃጥለኛል፤ ለሚያቃጥለው ዓይኔ ተመስገን። የተቀደሰች ሴት ሆንሁ እያልኋችሁ አይደለም። ብዙ ቀን «ተመስገን» ብዬ ወዲያው አለቅሳለሁ፤ የጠረግሁትን ቤት የሚረግጥልኝ የለም፣ የሠራሁት ወጥ ሆምጥጦ ይደፋል። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት እንዴት እንደሚከብድ የሠራ ያውቀዋል። «አምላኬ፣ ሥራውን መልሰህልኛል፤ ሥራውን የምሠራለት ሰው ግን የት አደረግህብኝ?» እለው ነበር። መልስ አልሰማሁም። ቤቱን ግን ሳልጠርግ አላደርሁም።

ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ታደሰን ስለ ሳህኑ ጠየቅኋቸው። ሣቁብኝ። «በሽታው የሚሄደው በትንፋሽ ነው፣ በሳህን አይደለም። ደግሞ አንቺ መድኃኒቱን በደንብ ከጀመርሽ ቆይተሻል፤ አሁን ወደ ሰው አታስተላልፊም። ከፈሩ በፈላ ውኃ እጠቢውና ስጪያቸው» አሉኝ። በትልቁ ድስት ውኃ አፈላሁ። የሰውን ሳህን ሁሉ አንድ በአንድ ቀቅዬ፣ አሽቼ፣ ፀሐይ ላይ ደርድሬ፣ ሽምብራ ቆልቼ በየሳህኑ አድርጌ በየቤቱ ዞርሁ። እማማ የሺ ተቀበሉኝ፣ ቆሎውንም እፊቴ ቆረጠሙ። ዝናሽ ተቀበለችኝ፤ ሽምብራውን ግን ለዶሮ ስትበትነው በግድግዳው ስንጥቅ አየሁ። አንዷ «አጥሩ ላይ አኑሪው» አለችኝ። አኖርሁት። ስመለስ እግሬ ቢከብድም መደርደሪያዬ ቀሎ ነበር።

መስከረም ላይ አክታዬ ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ፣ ራጂውም ጠባሳ ብቻ ነው ተባለ። ጋሽ ታደሰ እጄን ጨብጠው «በቃ ዳንሽ» አሉኝ። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ሐይቁ ዳር ሄጄ ተቀመጥሁ። ለሐይቁ ነገርሁት። ሳንባዬ ድኗል፤ እኔ ግን ገና አልዳንሁም ነበር።

ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ሳይጠሩኝ ሄድሁ። ማኅበሩ ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ እስኪያበቁ ጠበቅሁ። ጽዋዋ በጨርቅ ተሸፍና እማማ የሺ እጅ ስትገባ «የኅዳር ተረኛ ማን ናት?» ተባለ። ሁሉም ወደ ዝናሽ አዩ።

«እኔ ነኝ» አልሁ ከደጅ።

ሁሉም ዞሩ። እማማ የሺ ቀስ ብለው «ግቢ ልጄ፣ ምን ደጅ አቆመሽ?» አሉ። ገባሁ፣ ግን አልተቀመጥሁም።

«ሐኪም ድነሻል ብሎኛል። ተራዬን ስጡኝ።»

«አንጓችዬ» አለች ዝናሽ፣ «እኛ እኮ እንዳይደክምሽ ብለን ነው። ብቻሽን ነሽ፣ ያን ሁሉ ብቅል፣ ያን ሁሉ እንጨት…»

«ድካሙን ነው የምፈልገው!» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ቄሱም አሉ፣ አፈርሁ። ግን አላቆምሁም። «ዕረፊ ዕረፊ እያላችሁ ቀበራችሁኝ እኮ። ዕረፍት ለሞተ ሰው ነው። የማርያምን ጋን ማጠብ ከከለከላችሁኝ ዘመዶቼ ማን ናቸው? አትጠጡልኝም እንደሆነ አትጠጡ። ግን ተራዬን አትዝለሉት።»

እማማ የሺ ተነሡና ጽዋዋን እጄ ላይ አኖሯት። ሌላ ጊዜ ጽዋ ሲሄድ በዘፈንና በእልልታ ሴቱ ሁሉ ይሸኛል። ያን ቀን ብቻዬን ይዣት ሄድሁ። ዝናሽ ወደቤቷ ስለሆነ መንገዱ አንድ ነበር፤ ራቅ ብላ ከኋላዬ መጣች።

ያን ወር እንዴት እንደሠራሁ! ብቅሉን አበቀልሁ፣ ጌሾውን ወቀጥሁ፣ ጋኑን አጥቤ በወይራ አጠንሁ። ጠላው ጋን ውስጥ ሲፈላ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ። እየፈራሁ ነው የምሠራው፤ ያ ሁሉ ዳቦ ተጋግሮ ሰው ባይመጣስ? «እመቤቴ፣ መምጣታቸውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ጋኑን አጥቤአለሁ» እላለሁ።

ዕለቱ ደረሰ። ቤቴን ጠርጌ ቄጠማ ጎዝጉዤ ተቀመጥሁ። ቄሱ መጡ። ከሳቸው በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም አልመጣም። ቄሱ ዳዊታቸውን ያነባሉ፣ እኔ በሩን አያለሁ። በመጨረሻ እማማ የሺ በከዘራ መጡ፣ ከዚያ ዝናሽ፣ ከዚያ ሁለት ሆነው፣ ሦስት ሆነው። ሁለቱ ጨርሰው አልመጡም። ይሁን።

ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ጽዋዋ ተሞላች። በኛ ማኅበር ተረኛዋ የቀዳችውን ራሷ ቀድማ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ለሙሴዋ ታቀብላለች፤ ሌላው ሁሉ የሚጠጣው ከሷ ከንፈር በኋላ ነው። ይህን ወሩን ሙሉ ሳስበው ነበር። አላስቸግራቸውም ብዬ ግራ መዳፌ ላይ ጥቂት ጠላ ጠብ አድርጌ ከመዳፌ ቀመስሁ፣ ከንፈሬ ጽዋዋን ሳይነካ። ከዚያ ለእማማ የሺ ዘረጋሁላቸው።

አልተቀበሉኝም።

«ከመቼ ወዲህ ነው የማርያም ጽዋ በመዳፍ የሚቀመሰው?» አሉ።

«እማማ፣ ለናንተ ብዬ ነው…»

«ከጽዋዋ ቅመሺ።»

በሁለት እጄ አነሣኋትና ጠጣሁ። እማማ የሺ ተቀበሉኝ፤ አገላብጠው ሌላ ጠርዝ አልፈለጉም፣ እኔ በጠጣሁበት በኩል አፋቸውን አኖሩና ጎንጨት አሉ፣ አንዴም አይደለም፣ ደጋገሙት። «ጎሽ፣ ጠላሽ በርትቷል» አሉና ለዝናሽ አቀበሏት። ዝናሽ ጽዋዋን ይዛ አየችኝ። ዓይኗ ሞላ። ጠጣች። ከዚያ ጽዋዋ ዞረች፣ ዞረች፣ ባዶዋን እኔ ጋ ተመለሰች። አንዷ ከንፈሯን ብቻ አስነካች፣ አይቻታለሁ፤ እሷንም እግዚአብሔር ይስጣት።

ሲጨርሱ ሴቶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዕቃ ሊያጥቡልኝ ተነሡ።

«ኧረ ተቀመጡ! ማንም እንዳይነካብኝ!» አልሁ። ሣቁብኝ፣ «አሁንማ በደንብ ድናለች፣ ቁጣዋ መጥቷል» አሉ። በእልልታ ጽዋዋን ይዘው ከቤቴ ወጡ።

ጓዳ ገባሁ። ዋንጫው፣ ሳህኑ፣ ድስቱ ተቆልሏል። ሰው የበላበት፣ ሰው የጠጣበት፣ የሰው ጣት ያረፈበት ዕቃ። ቀሚሴን ወደ ላይ ሰብስቤ ዱካ ላይ ተቀመጥሁና ጀመርሁ። ግማሹን ሳልጨርስ ውኃው አለቀብኝ። ዝናሽ በግድግዳው በኩል ዕቃ ሲንኳኳ ትሰማኝ ኖሯል፤ እንስራ ሙሉ ውኃ ይዛ መጥታ፣ ሳላስገባት ገብታ፣ ከጎኔ ቁጭ አለች። እኔ ሳጥብ እሷ ስታለቀልቅ መሸ። ወገቤን ክፉኛ አመመኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።